አቶ ተክለ ጻድቅና ያልተወለደው መስፍን

ጨዋታን ከመሀል መጀመር የማይሆንለት ሰው በየከተማው አንድ አንድ ተመድቧል። የሲያትል ድርሻ አቶ ተክለ ጻድቅ ናቸው። "ስንት ሰዓት ነው?" ሲባሉ የእጅ ሰዓታቸውን ከማን እንደገዙ፣ ሻጩም እንዴት ወደ ንግድ እንደገባ ይናገራሉ። የእሳቸው ወሬ ሁሉ የሚከፈተው በአንድ ቁልፍ ነው፤ "ቆይ፣ ከሥሩ እንነሣ።"

ሐኪም "ጉልበትዎን ከመቼ ጀምሮ ያመዎታል?" ቢላቸው፣ አባታቸው ስለገዙት በቅሎ ጀመሩ። በቅሎው ገና ከገበያ ሳይወጣ የቀጠሮው ጊዜ አለቀ፤ ሐኪሙም መዝገቡ ላይ "ከበቅሎ ወድቀው" ብሎ ጻፈ። አቶ ተክለ ጻድቅ በዕድሜያቸው በቅሎ ላይ ወጥተው አያውቁም። ወደ ኖርዝጌት የገበያ አዳራሽ የሚወስደውን መንገድ የጠየቃቸው አንድ አዲስ መጤ ደግሞ፣ አዳራሹ ሳይሠራ በፊት ቦታው ላይ ምን እንደነበረ በሚገባ ተረድቶ ተሰናበታቸው። መንገዱን የነገረው ሌላ ሰው ነው። ካፒቶል ሂል ሰፈር እሳቸው የሚሠሩበት የመኪና ማቆሚያ ደንበኛ የሆነ ሾፌር ሁሉ፣ "ዋጋው ለምን ጨመረ?" ብሎ መጠየቅ ሥራ እንደሚያስረፍድ ያውቃል።

እንግዲህ እኚህ ክቡር ሰው በፈረንጆቹ 1995፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው፣ ኮሌጅ ገቡ። የታሪክ መምህሯ ተማሪዎቿን ሁለት ሁለት አድርጋ ስታጣምር እሳቸው ከሠርካለም ጋር ተመደቡ። ሠርካለም በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ቢከን ሂል የምትኖር ወጣት ናት። ነርሲንግ ለመግባት ከዚህ ትምህርት "ቢ" ማግኘት አለባት። ለጥንዶቹ የሚሰጠው ውጤት አንድ ነው። ክፍል ፊት የሚያቀርቡት ገለጻ ከአሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ውጤቱ በአንድ ፊደል ይወርዳል።

በዕጣ የደረሳቸው ርዕስ የትንሿ የአልተንዋልድ ግዛት መስፍን ሩዶልፍ ነበር፤ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን፣ ሁለት ወንዝና አራት መቶ ወታደር ይዞ ሠላሳ አንድ ዓመት የገዛ ሰው።

"ሶ፣ ጋሼ፣ እርስዎ ልደቱንና አስተዳደጉን፣ እኔ አገዛዙን። ኦኬ?"

"መልካም። ግን ቆይ፣ ከሥሩ እንነሣ።"

ሥሩ የመስፍኑ ቅድመ አያት ሆኖ ተገኘ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሦስት ቅዳሜ ተገናኙ፤ በሦስተኛው ቅዳሜ የመስፍኑ አያት ገና አላገባችም።

"ሰውየው መች ነው የሚወለደው፣ ጋሼ?"

"ምን ያስቸኩልሻል? እናትና አያቱን ሳታውቂ እሱን ምን ልታደርጊው ነው?"

"ውጤት ላመጣበት ነዋ!"

"እሱንም ታመጫለሽ። ይልቅ ይህቺ አያቱ ስንት ጎረምሳ እንደመለሰች ታውቂያለሽ?"

"እኔ ምን አገባኝ?"

"ሦስት! ሦስተኛውንማ በውሻ አስነክሳ ነው የሸኘችው!"

ሠርካለም ሳትወድ ሳቀች። ወዲያው በመሳቋ ተናደደች። ቤቷ ገብታ ስታሰላው፣ በዚህ አካሄድ መስፍኑ ሥልጣን የሚይዘው በገለጻው ሁለተኛ ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ ስልክ ደወለችላቸው።

"ጋሼ፣ ቅደም ተከተሉን ቼንጅ አድርጌዋለሁ። አገዛዙን እኔ አስቀድማለሁ፣ ልደቱን እርስዎ ያስከትላሉ።"

"ሰው ሞቶ ይወለዳል እንዴ?" አሉ አቶ ተክለ ጻድቅ፣ ከልባቸው አዝነው።

"ዘንድሮ ይወለዳል። ጋሼ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፍን እኔ ነርሲንግ አልገባም። ነገሩ ይኸው ነው።"

"ሰምቻለሁ" ብለው ስልኩን ዘጉ። በአንድ ቃል ጨርሰው ስለማያውቁ ይህ ይበልጥ አሳሰባት።

ቀኑ ደረሰ። ሠርካለም መስፍኑ ያሠራውን ድልድይ፣ በዊግ ላይ የጣለውን ግብር፣ በአንድ ወፍጮ ሰበብ ከእህቱ ባል ጋር የተዋጋውን ጦርነት በስድስት ደቂቃ አዳረሰች፤ በስድስተኛው ደቂቃ መጨረሻ ቀበረችው። አንድ ተማሪ አዛጋ። ከዚያ አቶ ተክለ ጻድቅ የሠርግ ክራቫታቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ በዚያ ቀስ ብሎ በሚራመድ እንግሊዝኛቸው፣ ከቅድመ አያቱ ጀመሩ።

ውሻው ሲናከስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሠርካለም ግን የምታየው የግድግዳውን ሰዓት ነው። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አያቲቱ አገባች። በአሥራ ሦስተኛው እናቲቱ አረገዘች። በአሥራ አራተኛው ምጥ ይዟት በበረዶ ውስጥ በሠረገላ ስትጓዝ አንደኛው መንኮራኩር ተሰበረ፤ አዋላጇ ያለችው በሚቀጥለው መንደር ነው። ያዛጋው ተማሪ አገጩን ይዞ ወደ ፊት ተስቧል። መምህሯ ብዕሯን አስቀምጣለች።

አቶ ተክለ ጻድቅ ቀና ሲሉ ሰዓቱን አዩ፤ ከዚያ ሠርካለምን አዩ። አፋቸው ተከፍቶ ነበር። ዘጉት።

"አመሰግናለሁ" ብለው ተቀመጡ።

"እንዴ! ተወለደ?" ጮኸ ያዛጋው ልጅ።

"ቅድም ቀበርነው እኮ፣ መወለዱማ ተወልዷል!" አለችው ከኋላው የተቀመጠች።

"እንዴት ብሎ? በዚያ በረዶ?"

"ጊዜው አልቋል" አለች መምህሯ፣ ራሷም ቅር እያላት። አሥራ አራት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ወረቀቱ ላይ "ቢ ፕላስ" ጽፋ ለሠርካለም ሰጠቻት።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቶ ተክለ ጻድቅ ያልተነበቡትን ሰባት ገጾች አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ሰው መንገድ ላይ ጥለው የመጡ ይመስላሉ። ሠርካለም ምስጋና ልታቀርብ ፈለገች፤ "ቴንክ ዩ" አነሰባት፣ ሌላው ሁሉ በዛባት።

"ጋሼ" አለች በመጨረሻ፣ "ሴትየዋ እንዴት ሆነች?"

"የትኛዋ?"

"ሠረገላ ውስጥ ያለችው ናታ!"

ቀስ ብለው ዞሩ። "ውጤትሽን አግኝተሻል፣ ልጄ። ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል?"

"ይንገሩኝ።"

"አሳጥሬ?"

"እንዳያሳጥሩ።"

አቶ ተክለ ጻድቅ ወረቀቶቹን ዘረጉና መንኮራኩሩን ከሠራው አናጢ ጀመሩ። አናጢው አንድ ሰነፍ ወንድም ነበረው። አውቶቡሱ ከመሀል ከተማ ወጥቶ ዳገቱን ጨረሰ፤ የሠርካለም ፌርማታ መጣ፣ አለፈም። አውቶቡሱን የሚያስቆመውን ገመድ አልሳበችም።

መስፍን ሩዶልፍ የተወለደው ከቤቷ አራት ፌርማታ ካለፉ በኋላ ነው፤ ጤነኛ፣ ራሰ በራና ሲበዛ ጯሂ።