ወይኑ አየር ያግኝ

ወይን አዋቂ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መሐል ሜዳ ከተማ አንድ አለን፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ታደሰ።

የቀድሞ አስተማሪያችን ጋሽ ከበደ ሕመም ሲጸናባቸው፣ «የስፔን ቀይ ወይን ሳልቀምስ ልሙት?» አሉና ልጃቸው አልማዝ ርካሹን ከደብረ ብርሃን አመጣች። ልንጠይቃቸው በሄድንበት ታደሰ ከፍቶ ቀዳ። ራሱ ተጎንጭቶ አጣጣመ። ጋሽ ከበደ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን ከለከላቸው።

«ይታገሱ ጋሼ! ወይኑ ግማሽ ሰዓት አየር ማግኘት አለበት።»

«እኔስ፣ ልጄ?» አሉ እያለከለኩ።

ሳቅን። ታደሰ ወይኑ ስለቆየበት በርሜል ማብራራት ጀመረ። ማብራሪያው ሳያልቅ የጋሽ ከበደ ትንፋሽ ቆመ፤ አልማዝ ጮኸች።

ታደሰን ትወቅሱ ይሆናል። ብርጭቆው ግን አጠገቤ ነበር። አላዋቂ እንዳልባል ብዬ ራሴን እየነቀነቅኩ ማብራሪያውን አዳመጥኩ።