ግሮይ ከስኩሎይ እንዴት እንደራቀች

ርቀት የፈጣሪ ሥራ ነው የሚሉ ያልተማሩ ሰዎች አሉ። የግሮይ ደሴት ከንቲባ ሲግቢዮርን ግን ርቀት በመልካም አስተዳደር የሚገኝ መሆኑን በተግባር ያስመሰከሩ ታላቅ ሰው ናቸው።

ግሮይና ስኩሎይ በሰሜን ኖርዌይ ባሕር ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እዚህ ያስነጠሰውን ከወዲያ ማዶ «ይማርህ» ይሉታል። ሁለቱም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ አንዷ ኖሯት ሌላዋ ብታጣ ደም በተፋሰሰ ነበር። አውሮፕላኑ ከግሮይ ተነሥቶ እግሩን ሳይሰበስብ ስኩሎይ ያርፋል።

ታዲያ አንድ ቀን ከኦስሎ ክፉ ወሬ መጣ፦ በረራው ከሩብ ሰዓት ያነሰ ማረፊያ ሁሉ ይዘጋል፤ ተቆጣጣሪ ራሱ ተሳፍሮ ይፈትሻል። ከንቲባው እንቅልፍ አጡ። ማረፊያው ከተዘጋ የምን ከንቲባ ሊባሉ ነው? የአሳ ማድረቂያ?

አብራሪውን አስሌን ጠሩት።

«አስሌ ወንድሜ፣ ስኩሎይን ትንሽ ራቅ አድርግልኝ።»

«ደሴት እኮ ነው ክቡር ከንቲባ! በገመድ ልጎትተው?»

«እሱ ይቆይ፤ አንተ ዙር። ደመና ውስጥ ገብተህ ዙር።»

«ነዳጁስ?»

«ለአገር ዕድገት ይቃጠላ!»

ተቆጣጣሪው አቶ ቲደማን በመጡ ዕለት ባንዲራ ተሰቀለ፣ ጥሩምባ ተነፋ፣ ዋፍል የሚሉት ቂጣ በቡናማ አይብ ቀረበ። የከንቲባው እናት ወይዘሮ ጉድቬይም፣ ዕድሜ ልካቸውን ጀልባ ሲቀዝፉ መዳፋቸው እንደ በር ሳንቃ የሰፋው፣ ቆመው እጃቸውን እያውለበለቡ እንግዳውንና አብሮ የተሳፈረውን ልጃቸውን ሸኙ።

ተነሡ። ዞሩ። ደግመው ዞሩ።

«ያን ቀይ ጎተራ ቅድም አላለፍነውም?» አሉ አቶ ቲደማን፣ በደመናው ቀዳዳ እያዩ።

«እዚህ አገር ጎተራ ሁሉ ቀይ ነው ጌታዬ» አሉ ከንቲባው።

«ጣሪያው ላይ የቆመችው ፍየልስ?»

«ዘመዷ ትሆናለች።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስኩሎይ አረፉ። በሩ ሲከፈት ወይዘሮ ጉድቬይ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል።

«እንግዳው ረስተውት ሄዱ ብዬ ነው። ምነው ቆያችሁ ልጄ? የያዝኩላችሁ ዋፍል በረደ እኮ!»

«በምን መጡ እማማ?» አሉ አቶ ቲደማን።

«በጀልባዬ ነዋ! በምን ልምጣ፣ በአሳ ጀርባ?»

ከንቲባው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። አቶ ቲደማን ግን የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከዓይናቸው ይልቅ ሰዓታቸውን ያምናሉ። ሰዓታቸውን አዩ፣ በእማማ ብብት ያለውን መቅዘፊያ አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አውሮፕላኑ ግማሽ ሰዓት በርሯል። እማማ ቀድመውታል። ስለዚህ ጀልባዋ ከአውሮፕላን ትፈጥናለች ማለት ነው። ይህ አደገኛ ነው!»

ወዲያውም ተወሰነ፦ ማረፊያው ይቀጥላል፤ በረራው ከግማሽ ሰዓት እንዳያንስ፤ ወይዘሮ ጉድቬይ የአብራሪነት ፈቃድ እስኪያወጡ መቅዘፊያ እንዳይነኩ፤ የቀሩትም ጀልባዎች እስኪመረመሩ ይታሰሩ። ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት ከንቲባው ናቸው።

ባለፈው እሑድ ልጅና እናት ስኩሎይ ያለችውን አክስት ሊጠይቁ ተሳፈሩ። በሁለተኛው ዙር ላይ ወይዘሮ ጉድቬይ በመስኮቱ ቁልቁል አዩ።

«ሲግቢዮርን፣ ያ የሚጨሰው ያንተ ቤት አይደለም? ድንቹን ከእሳት ላይ ሳላወርደው ነው መሰለኝ የወጣሁት።»

ከንቲባው ዘለው ተነሡ። «ውረድ አስሌ! ቤቴ! ይኸው ከእግራችን ሥር እኮ ነው!»

አስሌ ሰዓቱን አየ።

«አይቻልም ክቡር ከንቲባ» አለ፤ «ገና ሩቅ ነን።»