ማዶ ሳይደርሱ ስም አይጠየቅም

ስም መጠየቅ ትሕትና ነው ተብለን ያደግን ብዙዎች ነን። ዛሬ ግን፣ እናንተም ሳትታዘቡት አልቀራችሁም፣ ስማችንን የሚጠይቀን ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚፈልገው እኛን ማወቅ ሳይሆን ከየትኛው ወገን እንደሚመድበን መወሰን ነው። በዚህ ረገድ ትንሿ ከተማችን ከሁላችንም ቀድማ አንድ ብልኀት አግኝታ ነበር።

ከተማችንን ባላባት አልቆረቆራትም። የቆረቆራት መጠበቅ ነው። በወንዛችን ላይ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት፣ ክረምት በገባ ቁጥር ከዳንግላ ገበያ የሚመለሰውም ወደ ግምጃ ቤት ከተማ የሚያልፈውም መንገደኛ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ይሰፍራል። ለእርሱ ጠላ የጠመቀች፣ ለበቅሎው ሣር ያጨደ፣ ጨው የዘረጋ ሁሉ እዚያው ቀረ። ከተማ ሆንን።

የቸኮለውን ደግሞ አሻጋሪዎች በተነፋ ስልቻ ላይ አስተኝተው፣ በአንድ ክንድ አቅፈው፣ በሌላው እየዋኙ ያሻግሩት ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ማዶ ሳይደርሱ ስም አይጠየቅም። ስሙን ያወቀ ሃይማኖቱን ያውቃል፤ የማን ዘር እንደሆነ፣ ምናልባትም የደመኛው ወንድም መሆኑን ያውቃል። ያወቀ ክንድ ደግሞ ሊላላ ይችላል። መንገደኛው ደረቅ መሬት ሲረግጥ ብቻ «ስምህ ማነው?» ይሉታል።

ሁሉም ግን ማዶ አልደረሰም። ውሃ የወሰደውን ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቀበሩት። ማተቡን ውሃ በጥሶት ይሁን፣ ቀድሞም ያላሰረ ይሁን፣ ማን ያውቃል? ስለዚህ ቄሱም ፈቱት፣ ሼሁም ሰገዱበት፤ የቀረውን ፈጣሪ ይለየው ተባለ።

ባለፈው ዓመት ቦታው ለባጃጅ ማቆሚያ ታጨ። ከአሻጋሪዎቹ በሕይወት የቀሩት አያ ፈንታ ብቻ ናቸው፤ ከዘራቸውን ይዘው ቤቴ መጡ።

«ከዚያ ከተኙት አንዱ ከዚህ ክንዴ ያመለጠ ነው» አሉኝ፣ ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው። «ስሙን አልጠየቅሁትም። አሁን ደግሞ ባጃጅ ላስቆምበት?»

ለማዘጋጃ ቤቱ አቤቱታ ጻፍሁ። መልሱ አጭር ነበር፦ ቦታው መካነ መቃብር ከሆነ የስም ዝርዝር ይቅረብ። እኔ ደግሞ ያላጣራሁትን ቃል ወረቀት ላይ አስፍሬ የማላውቅ ሰው ነኝ።

ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ሱቃቸው በር ላይ ሆነው ሳቁብኝ። «መምህር፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ አንድ ስም አጣህ?»

አብረውን የተቀመጡት አያ ፈንታ፣ «የእኔን ጻፍ» አሉ።

«እርስዎ እኮ አልሞቱም!»

«እዚያ ቅበሩኝ ብዬ ተናዝዣለሁ። ይሄ ውሸት ነው?»

ውሸት አልነበረም። ጻፍሁ።

«እንግዲያውስ የእኔንም አግባ» አሉ ሐጂ ሰይድ። «እኔ ከጎኑ ካልተኛሁ ይህን ሽማግሌ ማን ይሰድበዋል?»

ወሬው በገበያው ተሰማ። እስከ ማታ «እዚያ ቅበሩኝ» የሚለውን ሰው ሁሉ ስም ስጽፍ ዋልሁ፤ ማንንም ሃይማኖቱን አልጠየቅሁም። በማግሥቱ ሦስታችን ወረቀቱን ይዘን ማዘጋጃ ቤት ገባን። ወጣቱ ባለሙያ ጥቂት ስሞች አነበበና ቀና አለ።

«አባባ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ በሕይወት አሉ!»

«ለጊዜው ነው፣ ልጄ» አሉት አያ ፈንታ።

ባለሙያው ሊስቅ ፈልጎ ፊታቸውን ሲያይ ተወው። ወረቀቱን አጥፎ መዝገብ ውስጥ አስገባ፤ ውሳኔ እስካሁን አልወጣም፣ ቦታውም አልተነካም። እንጠብቃለን። መጠበቅንስ እኛን ማን ያስተምረናል?

የዝርዝሩ የመጨረሻ ስም የእኔ ነው። እንደ ልማዴ፣ አጣርቼ ነው የጻፍሁት።