ከቡፌው ኋላ የቀረው ሶኬት

ሰውን ለእስር የሚዳርገው ምላሱ ነው ሲሉ ትሰማላችሁ። አትመኑ። ሰውን ለእስር የሚዳርገው ቡፌ ነው! ቡፌ ያላችሁ ሰዎች እዚህ ላይ እንደምትቀየሙኝ አውቃለሁ፤ ግን እስኪ ልጨርስና ፍረዱኝ።

በደርግ ጊዜ የምንኖረው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለች የቀበሌ ቤት ነበር። ቤቲቱ ያላት አንድ ሶኬት ብቻ ነው፤ እሱም ሳሎን። ባለቤቴ ጽጌ ደግሞ ጎረቤት አይታ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚሞላ ቡፌ ካላሠራሁ ሞቼ እገኛለሁ አለች። አናጢው መጣ፣ ለካ፣ ሠራ። ከዚያ ግድግዳው ላይ በሚስማር ሊመታው ሲል ቆም አለ።

«እትዬ፣ ሶኬቱ ከኋላ ሊቀር ነው። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ልክፈትለት?»

«ቡፌዬን ልትበሳ? ሬዲዮኑ እንደሆነ ተሰክቷል፤ ማን ይነቅለዋል?»

ሶኬታችን በዚሁ ተቀበረ። ሬዲዮኑ ቡፌው ላይ ጉብ አለ።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከባሕር ማዶ በአማርኛ የሚያወራውን ጣቢያ ከፍቼ፣ ድምፁን አሳንሼ፣ ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ። የትኛውን ጣቢያ እንዳትሉኝ፤ እናንተም ስትሰሙት ነበር። እሱን ሲሰማ የተያዘ ሰው ደግሞ... እንግዲህ ታውቁታላችሁ፣ መግቢያውን እንጂ መውጫውን አያውቅም። ድንገት መብራት ሄደ። ሳይመጣ ላጥፋው ብዬ በጨለማ ማዞሪያውን ጠመዘዝኩት። ለካ የጠመዘዝኩት ወደ ማጥፊያው ሳይሆን ወደ ድምፁ መጨረሻ ኖሯል! ልመልሰው ስል ማዞሪያው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኼ ነው። ገመዱን ብጎትት አናጢው ከእንጨቱና ከግድግዳው መሀል አጣብቆታል፤ ንቅንቅ የለም።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው።

«ደህና አመሻችሁ፣ ጓዶች። በዚህ ሳልፍ መብራቱ ሄደብኝ፤ ጭቃውም አላስኬደኝ አለ። እስኪመጣ ልረፍ» ብሎ ቡፌው ሥር ካለው ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

እስኪመጣ አለ እኮ! ጽጌ ሻማ ለኮሰች። እኔ መብራት እንዳይመጣ ለሰፈራችን ታቦት ጃንጥላ ተሳልኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እስከ አስፋልቱ በባትሪ ልሸኝዎት?»

«ምነው፣ አባረርከኝ እኮ።»

ጽጌን ወደ ጓዳ ጠርቼ ጉዱን ነገርኳት። 

«ታዲያ ንቀለዋ» አለች በሹክሹክታ።

«በየት በኩል? ቡፌውን ልንቀለው?»

«ቡፌዬን ከምትነቅል እኔን ግደለኝ።»

«ምንድን ነው የሚነቀለው?» አለ ሊቀመንበሩ ከሳሎን።

«ሥር ነቀል... ስለ ሥር ነቀል ለውጥ እየተወያየን ነው፣ ጓድ።»

«ግሩም ነው። እዚሁ መጥታችሁ ተወያዩ።»

ተወያየን። እናንተዬ፣ ስለ ሥር ነቀል ለውጥ የዚያን ምሽት ያህል ከልቤ ተናግሬ አላውቅም። አፌ ለውጡን ያብራራል፣ ልቤ ሶኬቱን ይነቅላል። ሊቀመንበሩ ራሱን በአድናቆት እየነቀነቀ ሲያዳምጠኝ... መብራት መጣ።

«እሰይ» አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሬዲዮኑ አሮጌ ስለሆነ ካልሞቀ አይናገርም፤ እሱ እስኪሞቅ እኔ ልጆቼን በልቤ ተሰናበትኩ። ከዚያ ያ የታወቀ ድምፅ ስለ መንግሥታችን የማይባለውን ሁሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ያንባርቀው ጀመር።

ሊቀመንበሩ ዘሎ ተነሣ። ማዞሪያውን ቢፈልግ አጣው፤ እኔ መዳፌን ዘርግቼ ስባሪውን አሳየሁት። ገመዱን በዓይኑ ተከተለው፤ ቡፌው ኋላ ሲገባ ጠፋበት።

«ሶኬቱ የት ነው?»

«ከ... ከኋላ ነው፣ ጓድ።»

ጋቢዬን ከትከሻዬ ላይ ገፎ ሬዲዮኑን ጠቀለለው። ድምፁ ትንሽ ታፈነ። ከዚያ ሄዶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ጽጌ ማልቀስ ጀመረች። እሱ መጥቶ አጠገቤ ቆመና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሞኝ ነህ እንዴ፣ አንተ ሰው? ይኼን ጣቢያ የሚሰማ ሰው ሶኬቱን እጁ በሚደርስበት ነው የሚያደርገው። እኔ ራስጌዬ ነው ያስተከልኩት።»