የጋሼ መንስኤ ጆሮ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ተጨምቆ ሲያበቃ ከታች የምትቀረው ጠብታ ምንድን ናት? ፈላስፎች በዚህ ጥያቄ ብዙ ወረቀት ጨርሰዋል። ያን ሁሉ ወረቀት በአንድ ቃል አጠቃሉት ቢባሉ ግን አብዛኞቹ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንጃ» ማለታቸው አይቀርም። ጋሼ መንስኤ በቦታው ቢኖሩ ደግሞ አንድ በአንድ ከወንበራቸው ባስነሷቸው ነበር።

በየሰፈሩ «እንጃ» የምትለውን ቃል የሚጠየፍ አንድ ሰው አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ ሲዘገይ ለምን እንደዘገየ ይነግራችኋል። ውሃ ሲጠፋ የትኛው ቧንቧ ወዴት እንደፈነዳ ያውቃል። የሁለት ጎረቤታሞች ጠብ ከማን አፍ እንደጀመረ ቃል በቃል ይዞታል። ጋሼ መንስኤ የዚህ ዘር አውራ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ ግን ከቅጽል ስማቸው ሥር ተቀብሮ ከቀረ ቆይቷል፤ ሚስታቸው እንኳ የምታስታውሰው ፊርማ ሲፈለግ ብቻ ነው። አንቱታውም የእሳቸው ብቻ ነው። እሷን አንቱ ለማለት የሞከረ ሰው ሁሉ «ተወኝ እባክህ፣ ለዚህ ቤት አንድ ሐውልት ይበቃዋል» ተብሎ ተመልሷል።

ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኢንሹራንስ ጉዳት መርማሪ ነበሩ። ሱቅ ሲቃጠል፣ መጋዘን በውሃ ሲጥለቀለቅ፣ መኪና ገደል ሲገባ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከች ይላሉ። ባለንብረቱ ጭንቅላቱን ይዞ «እንጃ ጌታዬ፣ ስደርስ እየነደደ ነው» ሲላቸው መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና ያችን የታወቀች ቃላቸውን ይጥላሉ፦

«እንጃ እሳት አይለኩስም።»

ከዚያ አመዱ ውስጥ ተንበርክከው ይቆፍራሉ፣ ያሸታሉ፣ በመጨረሻም አይጥ የላጠችው ሽቦ ወይም ሶኬት ላይ የተረሳ ካውያ ይዘው ብድግ ይላሉ። ሁለት የማይጣሱ ሕጎች ነበሯቸው። አንደኛው፣ መንስኤው ሳይታወቅ የተጎዳ ቦታ አይነካም፤ አይጠረግም፣ አይጠገንም። ሌላው፣ አንድ መርማሪ ያየውን ሁለተኛ መርማሪ ካላየው አይፈረምም። ሥራ ቦታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሕጎቹ ቤት ድረስ ተከትለዋቸው ገቡ። ብርጭቆ ሲሰበር ሚስታቸው መጥረጊያ ይዛ ትቆማለች፣ እሳቸው ስብርባሪውን ከበው ይዞራሉ። ልጃቸው ሕፃን ሳለች ድመቷ የጣለችውን የአበባ ማስቀመጫ «እኔ ነኝ አባዬ፣ በቃ ምሳዬን ልብላ» ብላ አምናለች።

ታዲያ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ሚስትየዋ እንዴት ኖረች? እሷ ራሷ መልሱን የምታገኘው ጠዋት ጠዋት ነበር። የሒሳብ መምህርት ሆና ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስታፈጥ የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኗ ሲደክም ጋዜጣ ማንበቡን ለባሏ ተወችለት። በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ያነቡላታል። ማንበብ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱን አደጋ እንደ አዲስ ይመረምሩታል። «‹ምክንያቱ በመጣራት ላይ ነው› ይላል ይሄ! እስቲ ፍሬኑን አይታችሁታል? ፍሬኑን!» እሷ ሻይዋን እየጠጣች ትስቃለች። በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጋዜጣ አልነበራትም።

አንድ ጠዋት የዜናው መሐል ላይ ቀጥ አሉ።

«ማነው ያን ነገር የከፈተው?»

«የቱን ነገር?»

«ጭው የሚለውን።»

«እኔ የሚሰማኝ ነገር የለም።»

«እንዴት አይሰማሽም? ይኸው!» አሉና ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ።

ምርመራው ያን ሰዓት ተጀመረ። ፍሪጁ ተነቀለ፤ ውስጡ ያለው ሥጋ ለእውነት ሲባል ተሠዋ። አምፖሎቹ ወረዱ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ባትሪው ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ታሰረ። ጭውታው ወይ ፍንክች። ታች ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ መኪናዋን እንድታቆም ታዘዘች፣ አቆመች። በመጨረሻም ክቡር መርማሪው ደረጃውን ወርደው የፎቁን መብራት ከዋናው ቆጣሪ ቆረጡት። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ደረጃው ወጥቶ ሲንጫጫ እሳቸው መሐል ላይ ቆመው «ዝም በሉ! ዝም በሉ!» ይላሉ። ዝም ሲባል ጭርታው ውስጥ ድምፁ ጎልቶ መጣ፤ ቀጭን፣ ትንፋሽ የማይወስድ ፉጨት። ፊታቸው ተለወጠ።

«መብራቱን መልሱት» አሉ ቀስ ብለው። «የተጎዳው ንብረት የራሴ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሐኪም ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ «ሰም ነው» አለ። አማቻቸው በስልክ «ስልክ ማብዛት ነው» አለ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በስልክ እያስረዳ። ልብስ ሰፊዋ ግን ቀጥ ብላ መጣች።

«ሰው እያማዎት ነው ጋሼ።»

«ማስረጃ?»

«እኔ ነኛ የማማዎት! መብራቴን ቆርጠው፣ ያንዲት ሙሽራ ቀሚስ መሐል መንገድ ላይ አስቀርተውብኝ!»

ጋሼ መንስኤ ይህን በቁም ነገር ያዙት። ሴትዮዋ ማማቷን እስክታቆም ጥቂት ቀናት ጠበቁ፤ ጭውታው ግን አልቆመም። ሐሜቱም እንደዚያው።

ከዚህ ወዲያ ሐኪም ቤት ተያዘ። የመጀመሪያው ሐኪም መብራት አስገብቶ አየና «ንፁህ ነው» አላቸው። «ንፁህ ቤት አይቃጠልም?» ብለውት ወጡ። ሁለተኛው «ዕድሜ ነው» አለ። «ዕድሜ ጊዜ ነው እንጂ መንስኤ ነው እንዴ?» አሉት። «ቤቱ ለምን ተቃጠለ ስባል ‹ማክሰኞ ስለሆነ› ብዬ ልጻፍ?» ሦስተኛው ጭንቀት ነው አለ። ወደ ሚስታቸው ዞር ብለው «ሰማሽ? እሳቱን የለኮሰው ጭሱ ነው ይላል» አሉ። ትልቁ ስፔሻሊስት ደግሞ በማሽን መረመራቸውና ረጅም የውጭ ስም ጽፎ ሰጣቸው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ወረቀቱን በደረት ኪሳቸው ይዘው እንደ ሹመት ደብዳቤ እያሳዩ ሰነበቱ። አንድ ቀን ግን ከመዝገበ ቃላት ጋር አመሳከሩት፤ ከዚያም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ጆሮዬ ይጮኻል ብዬ ገባሁ» አሉ። «በባዕድ ቋንቋ ጆሮህ ይጮኻል ተብዬ ወጣሁ።»

የሚያሳዝነው፣ መፍትሔ ነገር አልጠፋም ነበር። ድምፁን የሚያለዝብ ትንሽ መሣሪያ አለ ተባሉ። የእንቅልፍና የመዝናናት ልምምድም አለ ተባሉ። ጋሼ መንስኤ እጃቸውን አወዛወዙ። መንስኤው ሳይታወቅ ቦታው አይነካም! ጆሯቸውን በማይታይ ገመድ አጥረው፣ ራሳቸውንም አብረው አጥረው ተቀመጡ። ዘመድ መጠየቅ ቀረ። ጋዜጣውም ቀረ። «የራሴ ድምፅ ከፉጨቱ ጋር ይደባለቅብኛል» አሉ። ጋዜጦቹ ሳይገለጡ ሶፋው ጥግ ላይ ተከመሩ። ሚስታቸው ሻይዋን በዝምታ መጠጣት ጀመረች። ጭውታው የሷም ቤት ገባ ማለት ነው፤ በሷ በኩል ግን ድምፅ አልነበረውም።

ሁለተኛው ሕግ ግን እንደጸና ነው። ሁለተኛ መርማሪ ያስፈልጋል። «ነይ እስቲ፣ ጆሮሽን ከጆሮዬ ግጠሚው» አሏት አንድ አመሻሽ።

«ሰውዬ፣ ሰው ቢያየን ምን ይለናል?»

«ምርመራ ላይ ናቸው ይለናል።»

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጆሮ ለጆሮ ተጣበቁ።

«ምን ይሰማል?»

«ምንም።»

«በደንብ አልገጠምሽውም።»

አማቻቸው ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ እሱም ተጠራ። አማች አይደል፣ ሊያስደስታቸው ፈልጎ «ኧረ ይሰማል! እንደ ፏፏቴ!» አለ። እሳቸው ግን ፉጨት ነበር የሚሰሙት። «ሐሰተኛ ምስክር» ብለው ፊታቸውን አዞሩበት፤ ያ ሰው እስከ ዛሬ እፊታቸው ሲቀመጥ ይጠነቀቃል። ሚስታቸው ግን በየምሽቱ «ምንም» ትላለች፣ በማግስቱም ተጠርታ ትቀመጣለች። ለምን እምቢ እንደማትል ብትጠየቅ የምትሰጠው ማስረጃ አልነበራትም።

በመጨረሻ ልጃቸው ባስያዘችው ቀጠሮ አንዲት የደከማት ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሟ የምርመራውን ክምር ወረቀት አንድ በአንድ አየች፣ ጆሯቸውን አየች፣ ብዙ ጠየቀች፣ ሲናገሩም አላቋረጠቻቸውም። ጋሼ መንስኤ ሲጨርሱ «እና ታዲያ፣ መንስኤው ምንድን ነው?» አሉ።

«እንጃ አባቴ» አለች።

ሚስታቸው ቦርሳዋን ጨበጠች። አሁን ያች ቃል ትወረወራለች፣ ይህች ምስኪን ልጅም እንደ ባለሱቆቹ አመድ ፊት ትቆማለች ብላ አንገቷን ሰበረች። ያች ቃል ግን አልመጣችም። ቀና ስትል ባሏ ፈገግ ብለዋል፤ ከብዙ ወራት በኋላ።

«እስቲ ድገሚው።»

«አላውቅም። የሚያሰጋውን ሁሉ ፈትሸናል፣ የለም። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ላይሄድ ይችላል። አብረውት መኖር ግን ይቻላል፤ በዚያ ልረዳዎት እችላለሁ።»

«በጽሑፍ ስጪኝ» አሉ ጋሼ መንስኤ ወደ ፊት ጠጋ ብለው።

«ምኑን?»

«እንጃሽን። ‹መንስኤውን አናውቅም› ብለሽ ጻፊልኝ። እንዲህ ተብሎ ሲፈረም መዝገብ ይዘጋል፣ ቦታውም ይለቀቃል። በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን እንኳ አልጻፍኳትም። ለራሴ ይጻፍልኝ።»

ሐኪሟ ቅጹን ገልብጣ አየች። በሽታ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ መድኃኒት የሚጻፍበት አለ፣ ለእንጃ የሚሆን ቦታ የለም። የክፍሉን ኃላፊ ጠራች። ኃላፊው ሳቀ፣ ሳቁን ዋጠ፣ ከረባቱን አስተካከለ። «አባባ፣ ተቋማችን ‹አናውቅም› ብሎ ማህተም አይመታም» አለ። በምትኩ «ለተጨማሪ ምርመራ ይመለሱ» የሚል ተጻፈላቸው። ጋሼ መንስኤ ወደ ቀድሞዎቹ ሐኪሞችም ዞሩ። መድኃኒት ቢለምኗቸው ኖሮ የማይከፋቸው ሰዎች ሁሉ ተቆጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሚስታቸው ከክምሩ አንዱን ጋዜጣ አንስታ አፍንጫዋ ላይ ለጠፈችው። ፊደል በፊደል እየጎተተች ስለ አንድ የእንጨት መጋዘን ቃጠሎ ታነባለች፤ መስመር ትዘላለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ጋሼ መንስኤ ቻሉ፣ ቻሉ፣ «‹ምክንያቱ አልታወቀም›» የሚለው ላይ ስትደርስ አልቻሉም።

«ስጪኝ ወዲህ! አልታወቀም አይባልም፣ የእንጨት አቧራ እንዴት እንደሚነድ መች ያውቃሉ እነዚህ!» ፉጨቱን በራሳቸው ድምፅ እየሸፈኑ እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡላት። እሷም ሳቀች፤ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ።

አመሻሹ ላይ እንደ ልማዳቸው ጆሮ ለጆሮ ተቀመጡ።

«ምን ይሰማል?»

አዳመጠች። ትንፋሻቸው አለ፣ የጉንጫቸው ሙቀት አለ፣ የሆነ የራቀ ነገርም አለ፤ ከማን ጆሮ እንደሆነ መለየት አቃታት።

«እንጃ» አለች።

እሳቸው ጆሯቸውን አላነሱም።

መዝገቡ ግን አልተዘጋም። ጋሼ መንስኤ ዛሬም ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ሐኪም ቤቱ መስኮት ላይ ይቆማሉ። ተረኛዋ ጸሐፊ ከሩቅ ስታያቸው ወረቀት የጠፋባት ትመስላለች። «ረጅም ነገር አልጠየቅሁም ልጄ» ይሏታል። «አንዲት መስመር ናት። ‹መንስኤውን አናውቅም›። ከሥሯ ቀን፣ ፊርማ፣ ማህተም።»

እስካሁን የጻፈላቸው የለም።