ሰላምታ የጠጣው ናፍጣ

ሰው ስለ መኪናው ሲያወራ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የወለደውን ልጅ እንኳ እንደዚያ አያሞግስም። «የኔዋ ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም» ይላችኋል። ያንኑ ሰው በማግስቱ ማደያ በር ላይ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ገና ሰላም ሳትሉት ሰበቡን ይደረድራል፤ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ናፍጣው ውሃ ተቀላቅሎበታል፣ መኪናዋን ትናንት ለአማቹ አውሷት ነበር። የራሱ እግር ፔዳሉ ላይ ምን ሲሠራ እንደሚውል ግን ትንፍሽ አይልም። አልፈርድበትም። እኔም የዚሁ ማኅበር አባል ነኝ።

የምኖረው ለቡ መብራት ኃይል ነው። ከባለቤቴ ከአሰለፈች ጋር ጎፋ ላይ ቀለምና ምስማር የምንሸጥባት ሱቅ አለችን። ዕቃ የምናመላልሰው በአንዲት ነጭ ፒካፕ ነው። ነጭ ያልኩት ሊብሬዋ ላይ እንደዚያ ስለሚል ነው፤ አሁን እንኳ ቀለሟን ለይቶ መናገር ያስቸግራል። እወዳታለሁ። ጠዋት ስትነሳ የምታሰማው ሳል የእኔኑ ሳል ስለሚመስል ይሁን አላውቅም፣ ከእሷ ጋር ስሆን ሆዴ ይረጋጋል። አሰለፈች ግን አትወዳትም። ምክንያቷ አንድ ነው፤ ትጠጣለች። ሰኞ ጢም አድርጌ የሞላኋት ፒካፕ ረቡዕ ላይ የነዳጅ መርፌዋ ቀዩ ላይ ተኝቶ ይገኛል።

መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ፊልትሮ ቀየረ፣ ፖምፓ ፈታ፣ ከሥሯ ገብቶ የሚንጠባጠብ ነገር ፈለገ፤ ምንም የለም። ሌባ ነው ብዬ በቁልፍ የሚዘጋ የታንከር ክዳን ገዛሁ። ናፍጣው እንደተቆለፈበት አለቀ።

በዚህ መሀል የአሰለፈች ዘመድ ሠርግ ደረሰና ቡታጅራ ሄድን። ጋቢናው ዘመድ ሞልቶ፣ ከኋላ የቢራ ሣጥንና የሠርግ ጓዝ ተጭኖ፣ ደርሰን ተመለስን። ቤት ስንገባ መርፌው ገና ወገቡ ላይ ነው። አሰለፈች አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ቡታጅራ ደርሳ የመጣች መኪና ጎፋ መድረስ እንዴት ያቅታታል?»

«የከተማው መንገድ ነዋ! መቆም፣ መነሳት፣ መቆም፣ መነሳት» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። መኪና አንዴ ከተንደረደረች በትንሽ ናፍጣ ትሄድላችኋለች። ከቆመች በኋላ ስትነሳ ግን ያንን ሁሉ ብረት በአንደኛ ማርሽ እንደ አዲስ መግፋት አለባት። የሲሚንቶ ከረጢት የተሸከመ ሰው ይህን ያውቃል፤ ወገብ የሚቆርጠው መንገዱ ሳይሆን አውርዶ እንደገና ማንሳቱ ነው። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። እሷም በጥሞና ሰምታኝ «እንግዲያው ሰኞ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። እዚህ ላይ ደነገጥኩ። አሰለፈች ሱቁን ለመክፈት በማለዳ በታክሲ ስለምትሄድ፣ የጠዋት መንገዴን አንድም ቀን አይታው አታውቅም ነበር።

ሰኞ ወጣን። ገና ከበራችን ሳንርቅ ጋሽ ቶሎሳ ብቅ አሉ። ጋሽ ቶሎሳ ሰፈራችን የጤፍ ማሳ በነበረበት ጊዜ ማሳው የእሳቸው ነበር፤ ዛሬም ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ላሞች ያረባሉ። ፍሬን ያዝኩ። የእኔና የእሳቸው ሰላምታ በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ የሚያልቅ ነው፤ ልጆቹን፣ ላሞቹን፣ ጭዱን ሳያዳርስ አይቆምም። ትንሽ እልፍ እንዳልን እትዬ ራህማ የበርበሬ ጆንያዋን አስደግፋ ቆማለች። አሁንም ፍሬን። ጆንያው ከኋላ ተጫነ፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ወረደ፣ ምርቃት ተቀበልን። ከዚያ የዕድራችን ሊቀመንበር፣ ከዚያ ጸጉር አስተካካዩ፣ ከዚያ ፊቱን እንጂ ስሙን የማላውቀው ሰው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሞተሩ አይጠፋም። ሞተር ማጥፋት ወርጄ ልቀመጥ ማለት ነውና፣ እኔ የማላጠፋው ቸኩያለሁ ለማለት ነው። ችኮላዬን ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እኔም አልቆጥረውም።

አሰለፈች ጎፋ እስክንደርስ የቆምንባቸውን ቦታዎች በጣቷ ስትቆጥር መጣች። እንደወረደች ፍርዷን ሰጠች። «ወይ በየበሩ መገተሩን ትተዋለህ፣ ወይ ትሸጣለች። በሚቀጥለው ሰኞ የምትሞላው ናፍጣ ቅዳሜን ካላየ፣ የአጎቴን ልጅ እጠራዋለሁ።» የአጎቷ ልጅ ፉሪ ላይ ቤት እየሠራ ነው፤ ፒካፓችን ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል። ቤታችን በመጣ ቁጥር ጎማዋን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል። እንዴት እንደምጠላው!

በሚቀጥለው ሰኞ ሞላሁና ሌላ ሰው ሆንኩ። መስኮት ዘጋሁ፣ ጥቁር መነጽር አጠለቅሁ፣ ዓይኔን አስፋልቱ ላይ ተከልኩ። ጋሽ ቶሎሳ ዱላቸውን ከፍ ሲያደርጉ በመነጽሩ ጥግ አየሁ፤ ነዳሁ። እትዬ ራህማ ከጆንያዋ ጎን እጇን አውለበለበች፤ ነዳሁ። ቅዳሜ መርፌው ከግማሽ በላይ ቆሞ ተገኘ። አሰለፈችን ጎትቼ ወስጄ አሳየኋት። «ይኸው! ስትፈልግ ትችላለህ» አለችኝ። ፒካፓችን ተረፈች። ደስታዬ ግን ምሳ በልተን እስክንነሳ ብቻ ነበር የቆየው።

የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ቶሎሳ፣ እትዬ ራህማና የዕድሩ ሊቀመንበር በሰልፍ ቆመዋል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያለው ሰው ደጅ ላይ ሽማግሌ ሲቆም ምን እንደሚታሰብ ታውቃላችሁ። አሰለፈች ሮጣ ነጠላዋን ለወጠች፤ ልጃችን «እማዬ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም» እያለች ጓዳ ገባች። ተቀመጡ ብንል እምቢ፣ ቅመሱ ብንል እምቢ።

«ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን አስቀይመንህ ነው? የላሞቹን ጭድ አምጣልኝ እያልኩ አስቸግሬህ ከሆነ በግልጽ ንገረኝ። እንዲህ ፊት ከምትነሳን እኔ በጋሪ አስመጣለሁ።»

«እኔም በርበሬዬን በባጃጅ እወስዳለሁ» አለች እትዬ ራህማ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

በጣም አፈርኩ። መስኮቴ ስለተዘጋ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ ከሐፍረቴ ሥር ደግሞ፣ ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስታ ነበረ። ግን ምን ልበል? ለናፍጣ ስል ነው የዘጋኋችሁ ይባላል? አፌን ከፈትኩ፤ አሰለፈች ቀደመችኝ።

«ኧረ ጋሽ ቶሎሳ! አንገቱን ይዞት እኮ ነው! ወዲህ ወዲያ ማለት አቅቶት ሳምንቱን ሙሉ እንደ ግንድ ተገትሮ ነው የሰነበተው!»

በዚያች ቅጽበት አንገቴ ታመመ። ሦስቱም «እኛን! እኛን!» እያሉ ተቀመጡ፣ ቀመሱ፣ መረቁ። ጋሽ ቶሎሳ ሲወጡ ግን አሰለፈችን ገሠጿት። «አንገቱ የማይዞር ሰው ብቻውን መኪና ይነዳል እንዴ? አብረሽው ሂጂ እንጂ!»

እናም ሰኞ ሞልቼ፣ አሰለፈችን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ወሬው ከእኛ ቀድሟል። ድሮ አቁመውኝ የማያውቁ ሰዎች ሁሉ አንገቴን ሊጠይቁ መንገድ ዳር ወጥተዋል። አንዱ ወጌሻ ይጠቁመኛል፣ እትዬ ራህማ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በመስኮት ታቀብላለች፣ ጋሽ ቶሎሳ በላሞቻቸው ቅቤ እንድታሽ ያዙኛል። መልስ ሰጪዋ አሰለፈች ናት፤ እኔ መዞር አልችልማ። መጀመሪያ ቀን ባጭሩ መለሰች። ማክሰኞ ከእትዬ ራህማ ጋር ስለ በርበሬ አያያዝ ጀምረው ስለ ልጅ አስተዳደግ ጨረሱ። ረቡዕ ጠዋት እኔ ሳላያቸው እሷ አይታ «ቁም! ቁም! ጋሽ ቶሎሳን ልታልፋቸው ነው እንዴ?» ብላ ክንዴን ያዘችኝ።

ረቡዕ ማታ ከጎፋ ስንመለስ መርፌው ቀዩ ላይ ተኝቷል። አሰለፈች ጎንበስ ብላ አየችው፤ መስተዋቱንም በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገችው።

«ይሄ ቆጣሪ ሳይበላሽ አይቀርም» አለች።

አንገቴን ሳላዞር፣ «ይሆናል» አልኳት።