ፈቃድ ያለው ሽጉጥና የልጄ ሰርግ

መሣሪያ የታጠቀ ሰው ይፈራል ይባላል። ይህችን «ይፈራል» የምትለውን ቃል አጥብቃችሁ ካነበባችኋት ሌላው ሰው ይፈራዋል ማለት ነው። አላልታችሁ ካነበባችኋት ግን ፈሪው ራሱ ባለመሣሪያው ነው። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም፤ አንባቢ እንደ አመሉ ያነበዋል። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሽጉጥ ታጥቄ በደብረ ታቦር አስፋልት ላይ የተመላለስኩት ላልቼ ነው። ፖሊስ ሳይ እፈራለሁ፤ ገበያ ሳይ እፈራለሁ፤ ድንኳን የተተከለበት ደጅ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ከመታጠቄ በፊት የምፈራው እግዚአብሔርንና ባለቤቴን ብቻ ነበር።

በዚህ ዕድሜህ ሽጉጥ ከየት አመጣህ ትሉኝ ይሆናል። እኔ አላመጣሁትም፤ እሱ ነው የመጣብኝ። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ዕድሜዬን በጉና ተዳፋት የሰው በግና በሬ ስከትብ የጨረስኩ ሰው ነኝ። በእጄ ይዤ የማውቀው መሣሪያ መርፌ ነው፤ እሱንም በሬ እንጂ ሰው ፈርቶት አያውቅም። ጡረታ ወጥቼ እግሬን ልዘርጋ ስል ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ገብሬ ታመሙ። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ የንስሐ አባታቸው ባሉበት አስጠሩኝና ከትራሳቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ልጆቼን አደራ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጨርቁን ፈትተው «ይህችን አደራ፤ አትሽጣት፣ ለሰውም አትስጣት» አሉኝ። የሚሞት ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ደግሞ ቄሱ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። እሺ አልኩ። እሳቸው ተገላገሉ፤ እኔ ያዝኩ።

ሽጉጧ ቀድሞም የተመዘገበች ስለነበረች ወደ ስሜ ለማዛወር ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለችኝ አንዲት ወጣት ሳጅን ናት፤ ትሑት፣ አባባ እያለች የምታናግር፣ ወንበር አቧራውን ጠርጋ የምታስቀምጥ ልጅ። ፈቃዱን ከመስጠቷ በፊት ግዴታዎቹን አነበበችልኝ። ቤተ ክርስቲያን ይዞ መግባት አይቻልም። ገበያ አይቻልም። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት አይቻልም። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ስብሰባ፣ መጠጥ ቤት፣ በአጠቃላይ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ አይቻልም። ከኮት ሥር ተሸሽጎ ይያዛል እንጂ ለሰው አይታይም። ለሌላ ሰው፣ ሚስትም ብትሆን፣ አይሰጥም። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ውስጥም ተትቶ አይኬድም።

እስቲ አስቡት። ከደብረ ታቦር ላይ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውን፣ ለቅሶውንና መጠጥ ቤቱን ብትቀንሱ ምን ይቀራል? ብርዱ ይቀራል።

«ታዲያ ልጄ፣ የት ነው የምይዘው?» አልኳት።

አሰበች። ወረቀቱን ገልብጣም አየች። «መንገድ ላይ ይችላሉ፣ አባባ» አለችኝ።

«ወዴት ስሄድ?»

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።»

ቀልዷን አልነበረም። ከልቧ ነው። እኔም ከልቤ ፈረምኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ አባቶች፤ እኔ ወረቀቱን የያዝኩ ሞኝ ሆኜ ከሁለቱም ወገን ተያዝኩ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ለጠላቴም አልመኝ። ቅዳሴ የማስቀድሰው ከአጥር ውጭ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ሆነ። የሰው ለቅሶ ሲሆን ከድንኳኑ ማዶ ሆኜ በሩቁ አንገቴን እደፋለሁ፤ ሐዘንተኞቹ «ደሴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኮራ» ይላሉ። እንዳልናገር ደግሞ ተሸሽጎ ይያዝ ተብሏል። መቼም በእኛ አገር መሣሪያ የሚያዘው ሰው እንዲያየው ነው። የሚስቴ ወንድም አዱኛ ነገሩን ሲሰማ፣ ተሸሽጎ የሚታጠቁት ሽጉጥ ጓዳ ገብቶ እንደ መፎከር ነው ብሎ ቀልዶብኛል። ሚስቴ ጥሩወርቅ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ ሽጉጡን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ትቶ ይሄዳል፣ አንተ ብቻ ምን ሆነሃል ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል። እኔ ግን ፈርሜያለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ሳልከትብ ከትቤያለሁ ብዬ ፈርሜ የማላውቅ ሰው፣ በስተርጅና እንዴት አድርጌ ልጀምር?

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት የእናትነሽን ነው።

እናትነሽ አንድ ልጃችን ናት። ሰባት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ፣ ፀጉሯ ሳስቶ፣ ሳቋ ግን እንዳለ ተመለሰች። ያን ጊዜ ስትሄድ እኔ ጉና ላይ በግ ስከትብ ነበርኩና ሳልሸኛት ቀረሁ፤ ስወርድ አልጋዋ ተነጥፎ አገኘሁት። በተመለሰች በዓመቷ አንድ የአንበሳሜ ልጅ፣ ሥራውን አክባሪ አናጢ፣ ሽማግሌ ላከ። እኛም ልጃችንን ሰጠን። በሰርጉ ዋዜማ ሳምንት፣ ምን እናድርግልሽ ብላት ልብስም፣ ጌጥም አላለችኝ። «አባዬ፣ ያን ጊዜ ስሄድ አልሸኘኸኝም። አሁን ስሄድ ግን ጉልበትህን ስሜ፣ አንተው መርቀህ ደጅ ድረስ ትሸኘኛለህ» አለችኝ። ለዚህ ምን ችግር አለ? ሰርጉ እቤቴ፣ ጉልበቱ የኔ።

ሐሙስ ዕለት የቀበሌያችን ሚሊሻ አበጀ መጣ። አበጀ ወዳጄ ነው፤ ወይፈኑን ቀጥቅጬ ያኮላሸሁለት እኔ ነኝ። አምና በሰፈራችን በአንድ ሰርግ ላይ አንድ ጎረምሳ ደስ ብሎት ሲተኩስ ጥይቷ የሚዜውን ትከሻ ይዛው ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ሰርግ ያለበት ቤት አባወራ፣ በግቢዬ መሣሪያ አይኖርም ብሎ ይፈርማል። አበጀ ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ብዕሩን ካነሣሁ በኋላ እጄ ቆመ።

«አበጀ፣ የኔስ ሽጉጥ?»

«እሱን ልጠይቅህ ነው የመጣሁ፣ አያ ደሴ። ከእሁድ ጠዋት ጀምሮ ቤትህ የሰርግ ቦታ ነው። መሣሪያ አይገባበትም።»

«አይገባም እኮ። ድሮም ውስጥ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ይወጣል» አለ።

ገባችሁ? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ሰርግ፣ ሽጉጡ ሊገኝ አይችልም። እኔ ደግሞ ከሽጉጡ ልለይ አልችልም።

መፍትሔ አለ ተባልኩ። ጣቢያው ግምጃ ቤት በአደራ ማስቀመጥ ነው። ዓርብ ጠዋት ሮጥኩ። ግምጃ ቤቱ የቀበሌ ደብዳቤ ይፈልጋል አሉኝ። ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀ መንበሩ ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ማኅተሙ በመሳቢያቸው ተቆልፏል፣ ሰኞ ይገባሉ። የሰርጓ ዕለት በርበሬ ቀነጠሰች አለችኝ ጥሩወርቅ፤ እሷ በርበሬዋን ከወር በፊት ነው ያዘጋጀችው። አዱኛ ከገለባ ክምር ሥር ቅበረው ብሎ መከረኝ፤ ክምሩ ያለው ግን ዳሱ ጀርባ ነው። ጣራ ገዳም ያለ መነኩሴ ዘመዴ ትዝ አለኝና ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረግሁ። ወዲያው ደግሞ ገዳም መሆኑ ትዝ አለኝ።

እሁድ ማለዳ አዲሱን ኮቴን ለበስኩ። ሽጉጧን ከሥሩ አደረግሁ። ሳጅኗን በእግዜር ስም ለምኜ አስቀምጬ ሙሽራው ሳይመጣ እመለሳለሁ አልኳት ጥሩወርቅን። እናትነሽ ፀጉሯን እያሠራች በመስኮት አየችኝና «አባዬ፣ እንዳትዘገይ» አለችኝ። አልዘገይም አልኳት።

ሳጅኗ ተረኛ ነበረች። ነገሬን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ስልክ ደወለች፤ አለቃዋ አላነሣም። ያለ ደብዳቤ ተቀብላ አንድ ነገር ቢጠፋ እስር ቤት የምትገባው እሷ ናት፤ እሱን ደግሞ እኔም አላጣሁትም። ቢቀር እዚሁ ግቢ ልቀመጥ ብላት፣ የታጠቀ ሰው ያለ ጉዳይ ግቢ ውስጥ መቀመጥ አይችልም አለች። «መንገድ ዳር ይሁኑ፣ አባባ። አለቃዬ እንዳነሣ ወጥቼ እጠራዎታለሁ።» ጣቢያው ወደ አንበሳሜ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ከፊት ለፊቱ ካለ ባሕር ዛፍ ሥር ቆምኩ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። በአምስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ጥሩወርቅ ናት። ሙሽራው ገብቷል፣ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ አንተ የት ነህ አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ፣ ጥለኸው ና፣ ጉድጓድ ውስጥ ጥለኸው ና አለችኝ። ልመለስ ብዬ እስከ መታጠፊያው ሄጃለሁ፤ አልዋሽም። ዳሱ በር ላይ አበጀ እንደሚቆም ዐወቅሁ። ልጄ ሙሽራ ሆና አባቷ በሚሊሻ ሲፈተሽ ከምታይ፣ አርፍዶ ቀረ ትበል አልኩ። ተመልሼ ዛፌ ሥር ቆምኩ። ጀግና እንዲህ ነው የሚያስበው? እንጃ። እኔ ግን ያሰብኩት እንዲሁ ነው።

በኋላ እንደሰማሁት ብዙ ጠብቀውኛል። የሙሽራው ሽማግሌዎች መንገዱ ሩቅ ነው ሲሉ፣ አዱኛ በኔ ወንበር ተቀመጠ። የእሱን ጉልበት ሳመች። እሱም እጇን ይዞ አስረከበ።

ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ጥሩንባው ተሰማኝ። የፊተኛዋ መኪና ቪዲዮ ቀራጩን ይዛ አለፈች። ሁለተኛዋ አበባ የለበሰችው፣ እኔን አልፋ ትንሽ ሄደችና ቆመች። በሩ ተከፈተ። እናትነሽ ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወረደች። አስፋልቱ ዳር፣ አቧራው ላይ፣ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። ሙሽራውም ወርዶ ከጎኗ ተንበረከከ። ኮቴን እንዳያቅፉኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ምን እንዳይነኩ እንደፈራሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ እጄን ዘረጋሁና መመረቅ ጀመርኩ። እጅሽ ከሰው እጅ አይጠብቅ አልኳት። ቤታችሁ የእንግዳ ይሁን አልኳቸው። ሚዜዎቹ ከየመኪናው ወርደው አሜን አሉ። ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች ሸክማቸውን አስቀምጠው አሜን አሉ። የጋሪ ነጂዎች ቆሙ። ሰዉ እየበዛ፣ አሜኑ እየደመቀ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አሜን ሰምቼ አላውቅም።

ክንዴን አንድ ሰው ነካኝ። ሳጅኗ ናት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች በጆሮዬ። «እዚህ ሰው ተሰብስቧል።»

ዙሪያዬን አየሁ። እውነቷን ነው። ተሰብስቧል።

«ልጨርስላት» አልኳት።

«አለቃዬ ግቢው በር ላይ ቆሞ ያያል።» ስልክ ያላነሣው አለቃ መሆኑ ነው።

እናትነሽ ገና አንገቷን እንደደፋች ነበር። እጄን አጠፍኩና ከሰዉ መካከል ወጥቼ በአስፋልቱ ዳር ወደ ታች ሄድኩ። ሰዉ፣ ሽማግሌው ተቀይሞ ረግሞ ሄደ ብሎ ሲንሾካሾክ ይሰማኛል። ዞር ብዬ አላየሁም፤ ባይ የምመለስ መሰለኝ። መኪናዎቹ በአጠገቤ ሲያልፉ በመስኮቱ እጇን ብቻ አየሁት። የቀረውን ምርቃት፣ ልጅ ይስጣችሁ የሚለውንና ሌላውን ሁሉ፣ ከኋላ ለሚሄደው ሚኒባስ ጎማ ጨረስኩለት።

ሰኞ ሊቀ መንበሩ ገቡ፣ መሳቢያው ተከፈተ፣ ደብዳቤው ወጣ፣ ሽጉጧም ግምጃ ቤት ገባች። ያን ዕለት ወገቤ ቀለለኝና ሁለት ጊዜ ቀበቶዬን ፈተሽኩ። ቤት ስገባ ጥሩወርቅ የቀረውን ድስት ታጥባለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

በሳምንቱ ቅልቅል አንበሳሜ፣ የሙሽራው አባት ቤት ተጠራን። እንደ ማንኛውም ሰው ገበያ መሐል አልፌ፣ ሰው በተሰበሰበበት ዳስ ገብቼ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የሰርጉ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ይታያል። ቤቴ፣ ዳሴ፣ ጥሩወርቅ፣ አዱኛ በኔ ወንበር። የመንገድ ዳሩ የለም፤ ቀራጩ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ከጎኔ የሙሽራው አክስት፣ ጉልበታቸውን አሟቸው ለሰርጉ ደብረ ታቦር ያልመጡ አሮጊት፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያያሉ። እኔን ከመኪናው ሹፌሮች እንደ አንዱ ቆጥረውኛል።

«ያ የሚያስረክባት አጎቷ ነው አሉ» አሉኝ። «አባት የላትም ማለት ነው?»

እናትነሽ ከማዶ ከባሏ ዘመዶች ጋር ትስቃለች። በዚያ ሁሉ እንግዳ መሐል ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው?

«የላትም» አልኩ።

«እኔን! መቼ ዐረፉ?»

ሽጉጧን ከታጠቅሁበት ቀን ቆጠርኩና፣ «ሁለት ዓመት ሆናቸው» አልኩ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው «ነፍሳቸውን ይማር» አሉ።

«አሜን» አልኩ። ከልቤ ነበር።